ጥጉ ላይ ያለው ጥላ የእኔ ነው

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ባህሩዲን፤ ኮምቦልቻ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ሰላምታ የማይነፈግ ሆኖብኝ እንጂ ይህን ደብዳቤ በሰላምታ ለመጀመር እጄ እሺ አላለኝም ነበር። እንዴት ከርመሃል? የእማዬ ጉልበት ብርዱን እንዴት ቻለው? ልጅህ ኢቅራ በትምህርቷ በረታች? ስቱዲዮው ገበያ አለው? እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ። ሪችፊልድ ዘንድሮ ቶሎ በርዷል፤ አረጋውያን የምንከባከብበት ሥራዬም እንዳለ ነው።

ባለፈው ፎቶ ማንሳቱን ተውሽው እንዴ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አልተውኩም፣ እንዲያውም እየተማርኩ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት በነጻ የሚያስተምሩ አንዲት ሴትዮ አሉ። ድልድይን መሀል ላይ ገትረሽ ካነሳሽው የመታወቂያ ፎቶ ይመስላል ይላሉ። ከአንዱ ጥግ አስገቢው፣ ዓይን ተከትሎት ይሻገር፤ የወንዙን ዳር ቀጥ አድርጊ፤ ሰማዩ ባዶ ከሆነ ቀንሺለት። ከሁሉም በላይ ከመጫንሽ በፊት አራቱን ጥግ እዪ፣ ያልጠራሽው ነገር የሚገባው በጥግ ነው ይላሉ። አንተ ያስተማርከኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ፀሐይን ከጀርባሽ አድርጊ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሚኒያፖሊስ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያን የድንጋይ ድልድይ ያነሳሁልህ እንዳልከኝ ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ ነው። ትዝ ይልሃል? ወንዙ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ድልድዩ መሀል ላይ የተጋረጠ፣ ከታች በስተቀኝ ሳሩ ላይ ደግሞ የራሴ ጥላ፣ ሻርፔ በነፋስ ተነስቶ እንደ ጆሮ የቆመ። ጥላሽን ልከሽልን አንቺ ቀረሽ ብለህ ስቀህብኝ ነበር። በትልቁ አሳትመህ ስቱዲዮህ ግድግዳ ላይ እንደሰቀልከው ስትጽፍልኝ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ሰሞኑን የታናሻችን የሀይፋ ደብዳቤ ደረሰኝ። በደስታ የምትሆነውን አጥታለች። ኒካሑ ከዐረፋ በኋላ ነው፣ ዙሀይር ይባላል፣ የሚኖረው አንቺው ያለሽበት ከተማ ነው፣ ጋሼ ነው ያገኘልኝ፣ ፈልገሽ ተዋወቂው ትላለች። ፎቶውንም ልካለች። ሰውየው ሙሉ ልብስ ለብሶ ድልድዩ ፊት ቆሟል። እኔ ሞኟ መጀመሪያ እልል ልል ነበር። ኋላ ዓይኔ እንደለመደው አራቱን ጥግ ሲዞር ክርኑ አጠገብ ጥላዬን አገኘሁት። ያው ሻርፕ፣ ያው ጆሮ። ድልድዩ ላይ ያለው ከግራ የመጣ የአመሻሽ ፀሐይ ነው፤ የሰውየው ፊት ላይ ያለው ግን ከቀኝ የመጣ የአንተ ስቱዲዮ መብራት ነው።

ፎቶውን ለፈዋዝ አሳየሁት፤ የባቲ ልጅ ነው፣ እዚህ ታክሲ ይነዳል። ይሄማ የባቲው ዙሀይር ነው፣ ሚስቱ የአክስቴ ልጅ አይደለች እንዴ፣ መቼ ቪዛ አገኘ፣ ከመጣስ ምነው ኮል አላደረገኝም ብሎ ተገረመ። እዚያው ባቲ ደውሎ ጠየቀ። ሰውየው ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል። ከአንድ የባቲ ባለሱቅ ጋር አዲስ ስቱዲዮ ልንከፍት ነው ያልከኝ ሸሪክህ እሱ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ምን ልበልህ? ሀይፋ ያን ሁሉ የትዳር ጠያቂ የመለሰችው እኔ ጋ ለመምጣት ጓጉታ መሆኑን ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያው ያዝካት። በእኔ ናፍቆት፣ በእኔ ፎቶ። ባቲ ከገባች በኋላስ ወረቀቱ ዘገየ እያላችሁ ልታኖሯት ነበር? አባታችን ከሞተ ወዲህ ወሊዋ አንተ ነህ፤ ለባል የምትሰጣት አንተ ነህ። ሌላ ሰው አድርጎት ቢሆን አቤት የምለው ለአንተ ነበር። አሁን ለማን ልበል?

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ። ኢቅራን ጉንጯን ሳምልኝ። ለባለቤትህም ሰላምታዬ ይድረሳት፣ እሷ ይህን እንደማታውቅ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለሀይፋ በአንተ በኩል ሰላምታ አልልክም። የቤቱን ስልክ የምታነሳው አንተ ስለሆንክ እሷ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት አድራሻ ለብቻዋ ልኬላታለሁ። የላክሁላት ያንኑ የድሮ ፎቶዬን ነው፣ ሰው የሌለበትን። ከጀርባው ብዙ አልጻፍኩም፦ ሀይፍዬ፣ ከእሱ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ ጥጉን እዪው፤ ጥላው የእኔ ነው።

እህትህ ዛሂዳ
ሪችፊልድ፣ ሚኒሶታ
ጥቅምት ፲፰ ቀን ፳፻፩ ዓ.ም.