ከቅጠሎቹ ወደ ላይ

ለመንታ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህ ለቀቅ አደረገህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ ታቃስታለህ? እኔ ከዓይኔ በስተቀር ደህና ነኝ። መነጽሬን በየጊዜው አወፍራለሁ እንጂ ሌላ የሚያማርር ነገር የለብኝም። ናፍቆትህ ግን አለ፤ እሱን መነጽር አያግዘውም።

ስልክ እያለ ደብዳቤን ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ስልክ ላይ ሁለታችንም ውሸታሞች ስለሆንን ነው። አንተ ምንም አልጎደለኝም ትላለህ፣ እኔም ያንኑ እመልስልሃለሁ፣ ከዚያ ስለ አየሩ አውርተን እንዘጋለን። ወረቀት ላይ መዋሸት ግን ይከብደኛል። ወረቀት መሃል ነው ያደግነው።

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ የገጠመኝን ላጫውትህ። ተማሪዎቼን የዛፍ አውቶማታ ላይ አድርሻቸዋለሁ። አንተ ከዚህ ነገር ከራቅህ ዘመን ስላለፈህ፣ ብትቆጣም ላስታውስህ። የቃል አውቶማታ ያንተዋ ናት፤ ፊደል በፊደል ከጫፍ እስከ ጫፍ የምታነብ፣ ወረቀት ላይ ብቻ ያለች ማሽን። ያለፈችውን ሁሉ አታስታውስም፤ አሁን ያለችበትን ሁኔታ ብቻ ይዛ ትሄድና መጨረሻ ላይ ቃሉን ወይ ትቀበላለች ወይ ትጥላለች። ከኋላ ወደ ፊት ብታስነብባትም አቅሟ አይቀንስም። የእኔዋ የምታነበው ቅርንጫፍ ያለው ነገር ስለሆነ ግን ከየት መጀመሯ ለውጥ ያመጣል። ከቅጠሎቹ ጀምራ ወደ ሥሩ ከሄደች፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ፣ ልጅ የምንለው፣ ያለውን ለበቀለበት ለወላጁ ይናገራል፣ ወላጁም የልጆቹን ሰምቶ ይወስናል። ከሥሩ ጀምራ ወደ ቅጠሎቹ ከወረደች ደግሞ ወላጁ ለየልጁ ለብቻው ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ አይገናኙም።

ይህችኛዋ፣ ከሥር የምትነሳውና ቅጠሎቹ ምን እንደሆኑ መገመት የማይፈቀድላት፣ አንድ ቀላል ነገር እንደሚያቅታት ላሳያቸው ፈለግሁ። ሁለት ቅጠል ብቻ ያለው ዛፍ ሳልኩ። ሕጉ አንዱ ቅጠል አንድ ዓይነት፣ ሌላው ሌላ ዓይነት ይሁን የሚል ነው፤ የትኛው የቱን ቢሆን ግድ የለም። ዘወትር ሀ እና ለ እያልኩ ነው የማስተምረው። ያን ዕለት እጄን ምን እንደነካው እንጃ፣ ሂያጅ እና ቀሪ ብዬ ጻፍኩ። የጻፍኩትን ያየሁት ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው፤ ላጥፋው ብዬ አፈርኩና ቀጠልኩ። ግራው ቅጠል ሂያጅም ቀሪም መሆን ተፈቅዶለታል፤ ቀኙም እንደዚያው። አንዱ የሌላውን ስለማያውቅ፣ ሁለቱም ቀሪ ሆነው ቢመጡ ማሽኗ ልትጥላቸው አትችልም። ይህን ስል ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ ታዲያ ለምን አይጠያየቁም አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ የቀረውን ለሌላ ቀን አሳድሬ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ወጣሁ።

ቢሮዬ ገብቼ ስቀመጥ የመጣብኝ የእማዬ ፎቶ ኮፒ ቤት ሽታ ነው። ከማሽኑ ሲወጣ የሚሞቀው ወረቀት ትዝ አለኝ፤ በብርድ ጠዋት ጉንጫችን ላይ እየለጠፍን የደንበኛ ወረቀት አጨማደዳችሁ እየተባልን የምንገሠጽበት። ያ ደንበኛችን የነበረው መምህር ሙሉውን ገልብጡልኝ ብሎ ወፍራሙን የአውቶማታ መጽሐፍ ጥሎልን ሲሄድ፣ አንተ ግማሹን መስታወቱ ላይ አዙረህ አስቀመጥከው፣ እኔም ሳላይ ጠረዝኩት። ወቀሳውን ተካፈልን። የተበላሸውን ግማሽ ጀርባውን ልንጽፍበት ወሰድነው፤ በዚያ ነው መጀመሪያ የዛፍ ሥዕል ያየሁት። ጽሑፉ ተዘቅዝቋል፣ ዛፉ ግን ሥሩ ከታች ቅጠሉ ከላይ ሆኖ ደህና ዛፍ ይመስላል። አንተ ወረቀቱን አቃናህና በዚህ ትምህርት ዛፍ ሥሩ ከላይ ነው የሚሳለው ብለህ አስተማርከኝ። እኔ እስካሁን ባዶ ወረቀት ሳገኝ አዙሬ ነው የምስለው።

ከዚያ ወዲያ ቃሉ ያንተ፣ ዛፉ የእኔ ሆነ። ቃል ማለት ቅርንጫፍ ያላወጣ ዛፍ ነው፣ ስለዚህ አንተ በእኔ ግቢ ውስጥ ነህ እልህ ነበር። አንተ ደግሞ የዛፉን ቅጠሎች ከግራ ወደ ቀኝ ብንለቅማቸው ያው ቃል ነው የሚወጣው፣ ምን ያኮራሻል ትለኝ ነበር። እማዬ ማናችሁም ብትረቱ ወረቀቴን አታባክኑ ብላ ትገላግለናለች። እንደዚያ የሳቅሁበት ዘመን የለኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከነዝርዝሩ ታውቀዋለህ፤ ግን አንድም ቀን ቁጭ ብለን አውርተነው አናውቅምና ልጻፈው። ያ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ሁለታችንንም ተቀበለን። በዚያው ሰሞን እማዬ ከሱቁ ደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። እኔን አልጋዋ አጠገብ አስቀምጣ፣ አንዳችሁ ሂዱ፣ አንዳችሁ ከእኔ ጋር ቅሩ፣ ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁና እኔ አልመርጥም፣ እርስ በርስ እንዳትነጋገሩበት፣ ትጣሉብኛላችሁ፣ የየልባችሁን አድርጉ አለችኝ። አንተንም ለብቻህ ጠርታ ያንኑ ብላሃለች። አንተ ሂድ፣ አንቺ ቅሪ ብትለን ኖሮ እያለቀስንም ቢሆን እናደርገው ነበር።

እኔ አንተ እንድትሄድ ብዬ አልመጣም ስል ለዩኒቨርሲቲው ጻፍኩ። አንተም እኔ እንድሄድ ብለህ ያንኑ ጻፍክ። የመልስ መስጫው ቀን ባለፈ ማግስት ሱቅ ውስጥ ወረቀት ስንደረድር፣ መቼ ነው የምትሄጂው አልከኝ። አንተ አይደለህ የምትሄደው አልኩህ። ማሽኑ ግን ማተሙን ቀጠለ። እማዬ ክራንቿን ተደግፋ ከበርጩማዋ ተነሳች፣ አለቀሰች፣ ጅሎች አለችን፣ አንድ ላይ አቀፈችን። እስከዚያ ቀን የሱቁ ቁልፍ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ከአንገቷ አይወርድም። እንባዋን ጠርጋ ከሽርጧ ኪስ ሁለት አዳዲስ ቁልፍ አወጣችና አንዱን ለአንተ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠችን።

አብረን የሠራንባቸው ዓመታት ክፉ ነበሩ ብል ግፍ ይሆንብኛል። ደግ ነበሩ። ኋላ አንተ በትዳር፣ እኔ በሥራ ሰበብ ከዚያ ቤት ወጣን፤ ትዳሩ ባይሰነብትም አንተ በትዳር በሄድክበት ከተማ ቀረህ።

አሁን ደግሞ ሐኪሙ እማዬ ብቻዋን መኖር የለባትም ብሏል። ደውላልኝ ነበር። አንዳችሁ ብትመጡልኝ፣ ማን እንደሚመጣ እኔ አልመርጥም፣ ግን እንዳትማከሩ፣ የየራሳችሁን ለእኔ ንገሩኝ አለችኝ። ለአንተም እንደደወለች አልጠራጠርም። ያው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ፣ ማን ያስታውሳል እነዚያን ሁለት ልጆች፣ ለአንድ ዓመት መጥተሽ ከእኛ ጋር ሥሪ ብሎ ጋብዞኛል። መልስ የሚጠብቁት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ባሕርያችንን አውቀዋለሁ። እኔ ግብዣውን ትቼ እመጣለሁ ልላት ነው፤ አንተም ሥራህን ትተህ እመጣለሁ ልትላት ነው፤ አንድ ጠዋት ደግሞ ሱቁ ውስጥ ተፋጠን እንቆማለን።

ስለዚህ በዚህኛው ከቅጠሎቹ እንጀምር። መጀመሪያ እኔና አንተ እንነጋገር፣ እማዬ ከዚያ በኋላ ትስማ። የእኔ ይኸው፦ መሄድ እፈልጋለሁ። ያኔም መሄድ እፈልግ ነበር። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ያንተን ንገረኝ። የሱቁ ሠራተኛ እንዳጫወተችኝ፣ በደወልክ ቁጥር ከእማዬ ጤና ቀጥሎ የምትጠይቀው ከሱቁ በላይ ፎቁ ላይ ያለው የልጅነት ክፍላችን ተከራይቶ እንደሆነ ነው። አልተከራየም። መስኮቱም እንደ ድሮው አይገጥምም። መምጣት የማትፈልግ ከሆነም ሳትፈራ ጻፍልኝ፤ ሰው እንቀጥራለን፣ ተራ እንገባለን፣ መላ አናጣም። ለእኔ ብለህ እንዳትመጣ ብቻ። ደብዳቤህ እስኪደርሰኝ ለእማዬም ለዩኒቨርሲቲውም ትንፍሽ አልልም።

ያንተ ቁልፍ በአንዱ የቤት ለውጥ እንደጠፋ ስለማውቅ የእኔን በወረቀት ጠቅልዬ እዚሁ ጨምሬልሃለሁ። በሩን ስትከፍት ትንሽ ወደ ላይ ቀና አድርገው፤ አርጅቷል።

እግዜር ወገብህን ይማርልህ፣ ቤትህ ውስጥ የሰው ድምፅ አያሳጣህ፣ ለእማዬም ዕድሜ ይጨምርልን።

በጥቂት ደቂቃ ታላቅህ፣ ብትክድም፣
መንታ እህትህ

ይህን ልረሳው ነበር። ቁልፍ የሚቀርጸው ሰውዬ ያኔ የነበረው ከድልድዩ ማዶ ነው፣ እማዬ ደግሞ ያን ሰሞን በክራንች እስከ በሩ መድረስ እንኳ ያደክማት ነበር። ሁለታችንም መቅረታችን ሳይታወቅ ቁልፎቹን መቼ እንዳስቀረጸቻቸው ጠይቄያት አላውቅም። አንተም ስትሄድ አትጠይቃት።