ሳይነሱ የደረሱ ኤሌክትሮኖች

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ዛሬም በአራት ደቂቃ ቀደሙ። ኤሌክትሮኖቹ ማለቴ ነው። የምድር መግነጢሳዊ መስክ በሌሊቱ በኩል ይለጠጥና ድንገት ይለቀቃል፤ ያኔ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ምድር ይወረወሩና ወደ ምሥራቅ እየዞሩ ይነጉዳሉ። መነሻውን ሱሉልታ ያለው መሣሪያችን ይመዘግባል፣ መድረሻቸውን ሳተላይት። የእኔዎቹ ሳይነሱ ይደርሳሉ።

አማካሪዬ ግራፉን አይቶ፣ እስከ ዓርብ ካላስተካከልሽው ምርቃትሽን ለከርሞ አስቢው አለኝ። ተቃጠልኩ።

ማክሰኞ፣ 9
ኮዱን መስመር በመስመር አየሁ። ምንም የለም። መሣሪያው ሰዓቱን ከሳተላይት የሚቀበልበት አንቴና ክረምት ላይ ከተሰበረ ወዲህ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱን የሚሞሉት ጥበቃው ኦቦ ቶለራ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ስለሚሞሉት ስድስት ሰዓት እጨምርበታለሁ። እሱን የደረስኩበት ቀን እንዴት እንደተኩራራሁ!

ረቡዕ፣ 10
መነሻውን አስር ደቂቃ ወደ ኋላ ሳንሸራትተው ሁሉም ልክ መጣ። ያምራል። ግን በምን ምክንያት? ያለ ምክንያት ከሆነ ውሸት ነው። አጠፋሁትና አለቀስኩ። እህቴ፣ ለኤሌክትሮን ነው እንዲህ የምትሆኚው አለችኝ። ሳቄም አልመጣ።

ሐሙስ፣ 11
ከሰበታ ሱሉልታ፣ ሦስት ታክሲ። ኦቦ ቶለራ "አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ" ብለው እንደ ልጃቸው አዳሬን እየጠየቁ ተቀበሉኝ። ሰዓቱን ሲሞሉ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። የእጅ ሰዓታቸውን አይተው አራት ከሃያ ብለው ሞሉ። በስልኬ ገና አራት ከአስር ነው።

ሰዓትዎ ይቀድማል አልኳቸው። አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ ያስቀደምኩት፣ ጠዋት ወተቴን የሚወስደው መኪና ሰው አይጠብቅም አሉ።

ልቆጣ ነበር። በማን ልቆጣ? የኛም ቤት የግድግዳ ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀድማል። ስንቴ መጥቼ ዳታዬን ብቻ ገልብጬ ሄድኩ፤ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። አፈርኩ።

ዓርብ፣ 12
ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ሰበታ በቆሻሻ ጭስ ታፍናለች። አንቴናው ሳይሰበር የተመዘገቡትን ምሽቶች አየሁ፤ አንዱም አይቀድምም። ከተሰበረ ወዲህ ያሉትን በአስር ደቂቃ አረምኩ። ኤሌክትሮኖቹ ስድስት ደቂቃ ዘግይተው ደረሱ፣ ፈጣኖቹ መጀመሪያ፣ ዘገምተኞቹ ኋላ።

አማካሪዬ፣ ማስረጃሽ የጥበቃ ሰዓት ነው? አለ። አዎ አልኩት። ግራፉን እንደገና አየው። ከዚያ፣ ሰውየውን ምስጋና ገጽ ላይ እንዳትጥያቸው፣ ስለ አለካኩ በምትጽፊው ምዕራፍ ውስጥ አስገቢያቸው አለኝ።

አስገባኋቸው። ስለ ምርቃቱ ሳልጠይቀው ወጣሁ።