ጣሪያው ዝቅ ሲል

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ሁለት ሶፋ ሸጥኩ። አንዱ ባለሞተር፣ እግር የሚያነሳው። ገዢው ልሞክረው ብሎ ተቀምጦ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ሚስቱ ቀሰቀሰችውና "ግዛው በቃ፤ አልጋው ለኔ ይቀራል" አለችው። ጥሩ ቀን።

አመሻሽ ላይ እኔና ባለቤቴ ማርላ ከወንድሟ ከዱዌይንና ከሚስቱ ጋር ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ቤት ሄድን። ሂሳቡ ሲመጣ ዱዌይን እጁን ዘረጋ። ቀደምኩት፤ እንደ ሁልጊዜው።

"ዌንደል፣ ዛሬን እንኳ ተወኝ።"

"እኔ ቁጭ ብዬ? አይደረግም!"

መቶ ስልሳ ሁለት ዶላር፣ ከነቲፑ። የብድር ካርዴን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳቀብል የሚሰማኝ ነገር አለ... ምን ልበለው? ቁመት የሚጨምር ነገር።

ኦክቶበር 16፣ ሐሙስ

ከባንክ ደብዳቤ። "ውድ ዌንደል፣ ከእኛ ጋር ለቆዩበት አስራ አንድ ዓመት ከልብ እናመሰግናለን።" እስከዚህ ደስ ይላል። ቀጥሎ፦ የብድር ጣሪያዬ ከአስራ ስምንት ሺ ዶላር ወደ አስራ አራት ሺ ሁለት መቶ ዝቅ ብሏል። "ይህን ያደረግነው እርስዎን በማሰብ ነው።"

ካርዷ ላይ ያለብኝ ዕዳ አስራ ሦስት ሺ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ። ስለዚህ የቀረኝ... ሁለት መቶ ሃምሳ። አንድ ተኩል የዓሣ እራት።

"ምንድነው?" አለች ማርላ።

"ማስታወቂያ።"

ውሸት ነው? ያን ያህል ምስጋና ያለበት ወረቀት ማስታወቂያ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የሶፋ ካታሎግ ውስጥ ከተትኩት።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ሙዚቃ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ድምጿ ማር።

"ዕዳዎ ከጣሪያዎ አንጻር በጣም ከፍ ብሎ ስለተገኘ ነው ጌታዬ።"

"ጣሪያውን ስላወረዳችሁት እኮ ነው ከፍ ያለው!"

"ልክ ነዎት። አሁንማ ከበፊቱም ብሷል።"

"እና?"

"እና ለዚህ ነው የምንጠነቀቀው።"

"በአስራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ዘግይቼ አውቃለሁ?"

"አንድም ቀን። ለዚህም በጣም እናመሰግናለን። ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?"

ሌላ? የቱን ረድታኝ ነው ሌላ የምትለኝ?

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

ኮሚሽን ገባልኝ። አንድ ሺ ዶላር ለካርዷ ከፈልኩ። ሙሉ ሺ! ግዴታዬ ሦስት መቶ ምናምን ብቻ ነበር። እንግዲህ ትንሽ መተንፈሻ አገኘሁ። ራሴን አኮራሁት።

ኖቬምበር 7፣ ዓርብ

ደብዳቤ። ጣሪያዬ አስራ ሦስት ሺ ሦስት መቶ። እኔ ሺ ብከፍል እነሱ ዘጠኝ መቶ አወረዱ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስሄድ ከኋላዬ እየተከተሉ መብራት የሚያጠፉብኝ ይመስላል።

ባንኮች ሰውን የሚመዝኑበትን የብድር ነጥቤንም አየሁት። ስልሳ አንድ ነጥብ ወርዷል። ምን አጠፋሁ? ከፈልኩ። ሳልከፍል ሳለሁ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ።

ኖቬምበር 19፣ ረቡዕ

ሁለተኛዋ ካርድ ደግሞ። ሌላ ባንክ፣ ሌላ ከተማ፣ ዝምድና የላቸውም። ከአምስት ሺ ወደ ሺ ሁለት መቶ! እሷ ላይ ያለብኝ ሺ መቶ ሃምሳ ነው። ምክንያታቸው፦ "ሌላ አበዳሪ ጣሪያዎን መቀነሱን ስለተመለከትን።"

ሐሜተኞች።

በዚያው ቀን ከሦስተኛ ባንክ ሌላ ደብዳቤ፦ "እንኳን ደስ ያለዎት! ለአዲስ ካርድ ተመርጠዋል!" ወለዱ ሃያ ዘጠኝ ከመቶ። ከማን መካከል ይሆን የተመረጥኩት?

ኖቬምበር 24፣ ሰኞ

አለቃችን ጃኔል ሻጮች ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ሰቀለች። እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ብዙ ደንበኛ የሱቁን የብድር ካርድ ያስፈረመ ሁለት ሺ ዶላር ይሸለማል። በየፊርማው ደግሞ ሠላሳ ዶላር።

በዚህ ሥራ የሚስተካከለኝ የለም። እስከ ምሳ አራት ሰው አስፈረምኩ። "ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ትሆንዎታለች" እላቸዋለሁ። ድምፄን ስሰማው እኔን ራሴን ያሳምነኛል። ስሜ ከላይ ተጻፈ።

"ሰው እኮ ያምንሃል ዌንደል" አለች ጃኔል።

እውነቷን ነው። የማያምነኝ ማን አለ? ሁለት ባንክ ብቻ።

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

ዱዌይን ስልሳ ዓመት ሞላው። ስቴክ ቤት፣ ስምንት ሰው። አራት መቶ አስራ ስምንት ዶላር። ወረቀቱን ነጠቅኩ። ለምን ነጠቅኩ? የቀረኝን እያወቅኩ? ... እጄ ነው። እጄ ከኔ ጋር አይማከርም።

አስተናጋጇ ተመለሰችና ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ አለች። "ይቅርታ ጌታዬ፣ ካርዱ እምቢ አለ።" በሹክሹክታ ነው ያለችው። ግን ስምንት ሰው ዝም ያለው በዚያችው ሰከንድ ነው።

"ማሽናችሁ ይሆናላ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። "ይቺኛዋን ሞክሪያት።"

ሄደች። መጣች። ፊቷን ሳየው እኔ አዘንኩላት።

ዱዌይን ኪሱ ሲገባ ማርላ ቀደመችው። የቤት ወጪ የሚወጣበትን የራሷን ካርድ ሰጠች። የወሩ አስቤዛ ነበር እዚያ ውስጥ ያለው።

መኪና ውስጥ፦

"ሁለቱም?"

"ባንኩ ተሳስቶ ነው።"

"ሁለት ባንክ ባንድ ቀን ተሳሳተ?"

"ኮምፒውተር ነዋ።"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቤት እስክንደርስ አልመለሰችውም።

ዲሴምበር 7፣ እሁድ

ስለ ኮምፒውተሩ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ጃንዋሪ 20፣ ማክሰኞ

ጠዋት ስንነሳ ቤቱ በረዶ ሆኖ ጠበቀን። የቤቱ የጋዝ ማሞቂያ ቆሟል። የቧንቧው ውኃ ሊረጋ ትንሽ ነው የቀረው። ባለሙያው ምድር ቤት ወርዶ አየውና እጁን እየጠረገ ወጣ።

"ሆዱ ተሰንጥቋል። ቢጠገንም ጋዝ ያፍናችኋል። አዲስ ነው የሚያስፈልጋችሁ። አራት ሺ ስድስት መቶ።" ፈገግ አለ። "ካርድ እንቀበላለን።"

ሁለቱም ካርዶች ላይ የቀረኝን ባንድ ላይ ደመርኩ። መቶ አስራ አንድ ዶላር። በዲሴምበርም አንዴ ዝቅ አድርገውታል።

ማርላ ካፖርቷን ለብሳ ወጥ ቤት ተቀምጣለች። "ስጠው እንጂ ካርዱን፣ ለምን ትቆማለህ?" አለችኝ። ሰውዬውን "አንድ አምስት ደቂቃ ታገሠኝ" ብዬ ወደ መኪናው መለስኩት። ከዚያ ነገርኳት። ቆሜ። ካታሎግ ውስጥ ያሉትን ደብዳቤዎች ሁሉ አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ።

"ስንት?"

"አስራ አራት ሺ።"

"ከሁለቱም?"

"ከሁለቱም።"

"ምን ገዛህበት?"

ይሄ ጥያቄ ነው የገደለኝ። ምን ገዛሁ? ሐይቁ ላይ ያለችውን የጀልባችንን ግማሽ ዋጋ፣ እሺ። የቀረውስ? ዓሣ። ስቴክ። ለማላውቀው ሰው ያዘዝኩት ቢራ። ላሳያት ብል የማሳያት የለም።

"ሀብታም አለማግባቴን ካገባሁህ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ" አለች። አልጮኸችም። "ለማን ነው የምታስመስለው?"

ደብዳቤዎቹን ጫፍ ለጫፍ ማስተካከል ጀመርኩ።

ስልኳን አነሳች። ዱዌይን ጋ መሆኑን ሳውቅ እጇን ልይዛት ስል "ቁጭ በል" አለችኝ። ቁጭ አልኩ።

ጃንዋሪ 21፣ ረቡዕ

ዱዌይን ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና አንድ ቼክ ይዞ መጣ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

"በየወሩ ትመልሳታለህ። ወለድ የለውም።"

"ያን ሁሉ ጊዜ ስጋብዝህ..." ብዬ ጀመርኩ። ምን ልል እንደነበር እኔም አላውቅም።

"ማን ጋብዘኝ አለህ? ቦርሳዬን ባወጣሁ ቁጥር እጄን የምትጠመዝዘው አንተ! አስር ዓመት ሙሉ! ሰው ፊት ክርኔን እኮ አሳምመኸኛል!"

"ደስ የሚላችሁ መስሎኝ..."

"ደግሞ ልንገርህ፣ ያንን ዓሣ ቤት አንወደውም። ሚስቴ በበላች ቁጥር ሆዷን ያማታል። ቅር እንዳይልህ ብለን ነው የምንመጣው።"

አስር ዓመት። በሃያ አራት ከመቶ ወለድ እየተበደርኩ የሰው ሆድ ሳሳምም ኖሬያለሁ።

ጃንዋሪ 29፣ ሐሙስ

ውድድሩ ሁለት ቀን ቀረው። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ዳሪል እኩል ነን፤ ሠላሳ አንድ ለሠላሳ አንድ። ሁለት ሺው ዶላር የማሞቂያው ግማሽ ማለት ይቻላል። ጠዋት ስገባ ጃኔል ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ዓሥር ሰዓት ገደማ ወይዘሮ ኦቲሊ ብራንት የሚባሉ ባልቴት መጡ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ዳሌያቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ከሆስፒታል ከወጡ ወር አልሞላቸውም። ቦርሳቸው ውስጥ ስድስት መቶ ዶላር በፖስታ። ዓይናቸው ያረፈው ባለሞተሩ የሺ መቶ ዶላር ሶፋ ላይ። ጃኔል ከማዶ ሆና በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

"ካርድ ብናወጣልዎት ዛሬውኑ ይዘውት ይሄዳሉ" አልኳቸው። "ለክፉ ቀንም መጠባበቂያ..."

"አንተ አለችህ ልጄ?"

"አለችኝ።"

"ክፉ ቀን መጥቶብህ ያውቃል?"

"ባለፈው ሳምንት።"

"እና ደረሰችልህ?"

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር፤ ክዳኑ ተከፍቶ። አየኋቸው። ከልባቸው ነው የሚጠይቁኝ፣ መልሱን ሰምተው ሊፈርሙ ነው።

"አልደረሰችልኝም" አልኩ። "ያቺን ባለ አምስት መቶ ስልሳዋን ይውሰዱ። ሞተር የላትም እንጂ ወገብ በመደገፍ ከዚያኛው አታንስም። ወረቀቱን ይተዉት።"

ድምፄ ይህን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ጃንዋሪ 30፣ ዓርብ

"ሰማሁህ" አለች ጃኔል። በሩን ዘጋች። "ደንበኛ ታባርርብኛለህ?"

"ሶፋ ሸጬላቸዋለሁ።"

"ሶፋማ ማንም ይሸጣል!"

ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ስሠራ ሶፋ ሻጭ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሶፋው ሰው ማስቀመጫ ነው፣ ወረቀቱ እስኪመጣ።

ከሰኞ ጀምሮ ቅሬታ መቀበያ ነኝ። የሰዓት ክፍያ፣ ኮሚሽን የለም። ሽልማቱን ዳሪል ይወስደዋል። ማርላ እንዳትሰማ ልደብቀው አሰብኩ... ለአምስት ደቂቃ ያህል። ከዚያ ነገርኳት። ራት ላይ ሾርባዬን ራሷ ቀዳችልኝ። ማሞቂያው ከቆመ ወዲህ ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

ማርች 14፣ ቅዳሜ

ጀልባዋን ሸጥኩ። አምስት ሺ ሁለት መቶ። ገዢው ቁልፉን ተቀብሎ "ዓሣ ትይዛለች?" አለኝ። "እኔን ይዛኛለች" አልኩት። አልገባውም።

ሙሉውን ለመጀመሪያዋ ካርድ ባንክ ላክሁት።

ማርች 19፣ ሐሙስ

ጣሪያዬ ሰባት ሺ ስድስት መቶ። እግር በእግር ተከትለውኝ ወረዱ። ደብዳቤውን ለማርላ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "ይህን ያደረግነው እርስዎን በማሰብ ነው" የሚለው ላይ ስደርስ፣

"ደግ ሰዎች ናቸው፤ እኔ እንኳ ይህን ያህል አላስብልህም" አለች።

ጁን 9፣ ማክሰኞ

ቅሬታ መቀበያው ጥሩ ነው። ሰው ይመጣል፣ ይጮኻል፣ እሰማለሁ። አንድ ሰውዬ ዛሬ በሱቁ ካርድ የገዛው ሶፋ ከዋጋው እጥፍ እንዳስከፈለው ነገረኝ። ማን እንዳስፈረመው ጠየቅኩት። "አንተ" አለኝ። ... ከሥራ በኋላ አብሬው ቁጭ ብዬ ወረቀቱን በሙሉ አየሁለት። ቅዳሜ ደግሞ እመለስበታለሁ።

ሴፕቴምበር 15፣ ማክሰኞ

ሁለተኛዋን ካርድ ጨርሻለሁ። የዱዌይንንም። የመጀመሪያዋ ላይ ሦስት ሺ ዘጠኝ መቶ ቀረ። ዛሬ ደብዳቤ መጣ፦ "እንኳን ደስ ያለዎት! በመልካም አከፋፈልዎ ምክንያት ጣሪያዎን ወደ ሃያ ሁለት ሺ ዶላር ከፍ አድርገንልዎታል።"

ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ማርላ ፊት፣ የስልኩን ድምፅ ከፍቼ ደወልኩ። ወንድ ልጅ አነሳ።

"ካርዱን ዝጉልኝ። ያለብኝን እየከፈልኩ እጨርሳለሁ።"

"ግን እኮ ጣሪያዎ ከፍ ብሏል ጌታዬ!"

"ለዚህ ነው የደወልኩት።"

ኪቦርዱን ሲቀጠቅጥ ይሰማል። "ምክንያት ካልመረጥኩ ኮምፒውተሩ አያሳልፈኝም። ሞት፣ የካርድ መጥፋት፣ ከአገር መውጣት፣ ፍቺ... የቱ ልበልልዎት?"

"በቃኝ የሚል የለም?"

"አልተጻፈም።"

"እንግዲያው ፍቺ በለው።"

ማርላ ቀና አለች።

"አዝናለሁ ጌታዬ። ከባለቤትዎ ጋር ነው?"

"ከናንተ ጋር።"

ሳቁን ሲያፍነው ሰማሁ። "እንዲህ ብዬ ብጽፍ አለቃዬ ትቆጣኛለች።"

"የኔም ተቆጥታ ነበር።"

ጻፈው መሰለኝ። ስልኩን ስዘጋ ማርላ አፏን የያዘችበትን እጇን ለቀቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። መቼ ነበር እንዲህ ያሳቅኳት? ከዚያ ዓይኗን እየጠረገች ወረቀት ሳበች፤ የቀረውን ሦስት ሺ ዘጠኝ መቶ በየወሩ ከፋፈለችው፣ ቁጥሮቹን እየደጋገመች።

"ሰባት ወር ይቀረናል" አለች።

ይቀርሃል አላለችም።