ረግረጉንም ዐረፍተ ነገሬንም ላደረቁት ኃላፊ

ለተከበሩ የመሬት አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎና ለሹመትዎ መደላደል ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። በአንድ የአፈር ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዲት ማይክሮስኮፕ እየተነጣጠቅን ስንሠራ «አንተ» እልዎት እንደነበር አልዘነጋሁም፤ ዛሬ ግን እንዲያ ብዬ የምጠራው ሰው የት እንደገባ ስላላወቅሁ «እርስዎ» ማለቱን መርጫለሁ። በአደባባይ መጻፌንም ይቅር ይበሉኝ፤ በግል የላክኋቸው ደብዳቤዎች በሙሉ በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ተመችቷቸው ቀርተዋል።

አንደኛ፣ ስሜን ስላስጠሩልኝ አመሰግናለሁ። ለእርሻ ባስደረቁት በላይኛው ረግረግ መግቢያ ባስተከሉት ትልቅ ሰሌዳ ላይ፣ ከነሙሉ ስሜ፣ «ውሃው በተጠነፈፈበት አፈር የፈንገስ ዓይነት ጨምሮ ተገኝቷል» የሚለውን የጥናታችንን ቃል አስፍረው፣ ከሥሩ «ሕይወት የሞላበት መሬት ለአትክልት ልማት!» ብለው አክለዋል። አንድም ቃል አልዋሹም፤ መሃል ላይ ቆም አሉ እንጂ። ሰሌዳው ጠብቦዎት ይሆናልና የቀረውን እኔ ልሙላልዎት፦ «የጨመሩት ግን ሥር የሚያበሰብሱትና አፈሩን ራሱን የሚበሉት ናቸው፤ ከተክል ሥር ጋር ተጣብቀው ምግብ የሚያቀብሉት ጠፍተዋል።»

ይህን ሁለተኛ ግማሽ እንዲገባ ያደረጉት እርስዎ ነበሩ። እኔ ደክሞኝ ልተወው ስል «አንባቢ ይሳሳትብናል» ብለው ብዕሩን ከእጄ ወሰዱ። ሌላ ሰው ቢቆርጠው ኖሮ ሳያውቅ ነው ብዬ እንቅልፌን እተኛ ነበር።

ሁለተኛ፣ ታናሽ እህቴን አትክልተኛ ስላደረጉልኝ ባለውለታዎ ነኝ። ሰሌዳዎን አንብባ የልብስ ስፌት ሱቋን ዘጋች፤ ከባሏ ጋር እዚያው ረግረጉ ላይ ማሳ ወስዳ፣ ዳሩ ላይ ቤት ሠርታ ጥቅል ጎመንና ቲማቲም ተከለች። እኔ በዚያ ጊዜ ለሥራ ሩቅ አገር ነበርኩ፤ ስመለስ ሁሉም ነገር አልቆ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው ምርት ዓይን የሚሞላ ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ተሳስቼ ይሆን እንዴ ብዬ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን ችግኙ ሁሉ በቆመበት ጠወለገ፤ ሲነቅሉት ሥሩ ቡናማ ሆኖ በጣት መካከል ይሟሽሻል። አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ «እትዬ፣ ያንቺን ስም አይቼ እኮ ነው የገባሁት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ክቡር ሆይ፣ ይህ ያመኛል። በጨዋ አነጋገር ልሸፍነው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሦስተኛ፣ ለታችኛው ረግረግ ስላሰቡለት ላመስግንዎ። ውሃ አየር ከልክሎ ያቆየው የሞተ ሣርና ቅጠል ለዘመናት ተደራርቦ ያንን ጥቁር አፈር እንደሠራ፣ ቦይ ተቆፍሮ አየር ሲገባ ደግሞ ፈንገሶቹ እንደ ልባቸው እየበሉ ወደ ጋዝ እንደሚለውጡትና መሬቱ ቁልቁል እንደሚሰምጥ እርስዎ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበትዎ ቆመው ለእኔ ያስረዱኝ ጉዳይ ነው። ታዲያ እሱንም ለማድረቅ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ «በሳይንሳዊ ምስክርነት» እንድገኝ ስለጋበዙኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። በእርግጥ እመጣለሁ። የምናገረውም አጭር ነው፤ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ። ለታችኛው ረግረግም እንደ እህቴ ያሉ ሰዎች ተመዝግበው እየጠበቁ ነው፤ እስከዚያው ስሜን ከሰሌዳው ያውርዱልኝ።

አንድ የዝናብ ልብስ ለሁለት ለብሳ ከእርስዎ ጋር ናሙና ስትለቅም የኖረች፣ ወዳጅነትዎን እንደ ቁም ነገር ይዛ የቆየች፣

የቀድሞ ባልደረባዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በላይኛው ረግረግ ላይ ያስገነቡት አዲሱ ቢሮዎ በሩ አልዘጋ ብሎ አናጺ እየተመላለሰ ይጠርበዋል ሲባል ሰማሁ። አናጺውን እባክዎ አይቆጡት፤ በሩ ጤነኛ ነው፣ የወረደው መሬቱ ነው። የእህቴም ቤት የጀመረው በበሩ ነበር፤ አሁን ግድግዳው ተሰንጥቆ ልጆቿን ይዛ ወጥታለች።