ባለመቀነቶቹ በደንሞር ሜዳ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ጠዋት 3 ሰዓት

ዲሹ ዛሬም ዞሯል። ነፋሱ ነው። ጣሪያ ላይ ወጣሁ፣ ገፋሁት፣ ወረድኩ። ምስል የለም። እንደገና ወጣሁ። የዚህ አገር ሰው የሆነው ጎረቤቴ ሐሰን ከታች ቆሞ በግማሽ አማርኛ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያለ ይመራኛል። የእሱ ቀኝ ከእኔ ቀኝ አይገጥምም። ምስሉ በስንት መከራ መጣ። ቀሚሴ በዝገት ተለቅልቋል።

ደብተሬ፣ ይህን ሁሉ የምዘበዝብልሽ ዋናውን ላለመጻፍ ነው፤ ታውቂኛለሽ። ያሬድ ከአገር ቤት መጥቷል። ታናሽ ወንድሜ። ትናንት ከሰዓት በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ፌስታል ይዞ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ። አቀፍኩት፣ አለቀስኩ፣ እግሩን አጠብኩት። አብልቼው ስጨርስ ወዴት እንደሚሄድ ነገረኝ። ኦቦክ። ከዚያ ወደብ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳውዲ። ከደላላው ጋር ጨርሷል፤ የሚጠብቀው ጥሪ ብቻ ነው።

ያንን እግር ያጠብኩት ለዚህ ነው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ከሰዓት 8

የጫቱ መኪና ገብቷል፤ መንገዱ ሁሉ ጩኸት። እዚህ ጸጥታ። ያሬድ ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ ስልኩን ያያል። ሲጠራ እሱም ይዘላል፣ እኔም እዘላለሁ። ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ብርጭቆ አጠብኩ፣ ያጠብኩትን መልሼ አጠብኩ።

የጉዞውን ነገር ትናንት አንስቼበት ነበር። ከአገር ቤት ሰፈራችን የሄዱትን አንድ በአንድ ጠራሁለት። የሥጋ ቤቱ ልጅ ከኦቦክ ደወለ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። የእነ ጽጌ ታላቋ ልጅ እንደዚሁ። ታናሿ ተመልሳለች፤ ግን ሰው አታናግርም፣ በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ትገባለች። ሰማኝ ሰማኝና፣ ፍስሐስ? አለ። አዎ፣ ፍስሐ ደርሷል። ፍስሐ ለእናቱ ቤት ሠርቷል። አንድ ፍስሐ! ስንቱን ባሕር ቢበላው የሰፈሩ ወጣት ሁሉ የሚያየው ፍስሐን ነው።

ሻይ ደፋሁበት። ሆን ብዬ አይደለም። እሺ፣ ሆን ብዬ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። 11 ሰዓት

ዛሬ ነፃ የንግድ ቀጠናው ዝግ ነው፤ እዚያ መጋዘን የሚሠሩት ሁሉ እኔ ሻይ ቤት ናቸው። ነገ ባለመቀነቶቹ አሉ።

ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እዚህ ሰፈሬ፣ ካርቲየ ሰባት፣ ያሉት ኳስ ማሳያ ቤቶች የእንግሊዝን ሊግ ያሳያሉ። የእኔ ዲሽ የሚይዘው የስኮትላንድን ነው፤ እሱም በዐረብኛ። ደንበኞቼ መጀመሪያ አኮረፉ፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ ከዚያ ክሬግሎክ የሚባል፣ ነጭ ማሊያ ላይ ቀይ መቀነት ያሰረ ምስኪን ቡድን ያዛቸውና አልለቃቸውም። በካርታ ላይ አሳዩኝ ብትያቸው አንዳቸውም አያገኙትም። ሲሸነፍ ግን እራት አይበሉም።

የባሰባቸው ጋሽ ደምሴ ናቸው። (ከዚህ ወዲያ ጋ/ደ። እጄ ይደክማል።) በነፃ ቀጠናው ፎርክሊፍት፣ ያንን ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ይነዳሉ። ከጨዋታ በፊት ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆሙና፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ የቡድኖቹን የእርስ በርስ ግንኙነት፣ ማን ማንን ስንቴ እንዳሸነፈ፣ ያቀርባሉ። እስኪጨርሱ ብርጭቆ ማንሳት የለም። የቤቱ ሕግ ነው። ዛሬ ግን ጉጉቱ ስላላስቻላቸው አንድ ቀን ቀድመው አቀረቡት። ክሬግሎክ ከደንሞር። በዋንጫ፣ በደንሞር ሜዳ። ባለመቀነቶቹ ከተመሠረቱ ጀምሮ እዚያ ሜዳ ላይ አንዴም አላሸነፉም አሉ። አንዴም!

ያሬድ ከምንጣፉ ቀና አለ። ታሪክ አይጫወትም አላቸው። ጋ/ደን ደፍሮ የሚመልስላቸው የለም። እሳቸው ታሪክ ባይጫወትም ሜዳውን ያውቀዋል አሉት። ነገሩ ወደ ሌላ ዞረ፣ ወደ ባሕሩ፤ እንዴት እንደዞረ አላውቅም። ምናልባት እኔ ነኝ ያዞርኩት። ያሬድ ብድግ ብሎ ሁሉም እየሰማ እንዲህ አለ፤ «እታለም፣ ባለመቀነቶቹ ካሸነፉ እሄዳለሁ፣ አንቺም አፍሽን አትከፍቺም። ካላሸነፉ እቀራለሁ።»

ሰዉ ሳቀ። የዋህ ነው አሉ። እኔ እጄን ለመዘርጋት እንዴት እንደፈጠንኩ ብታዪ። ጨበጥኩት። ጋ/ደ የተጨባበጠ እጃችንን በመዳፋቸው ቆረጡ፤ ውርርዱ ጸና። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው አሉ።

አንዴም አላሸነፉም። ይህን ስጽፍ እስቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። ማታ 1 ሰዓት

አልተጫወቱም!

ቤቱ ሞልቶ፣ ሰው በር ላይ ቆሞ፣ ማራገቢያው ሙቀቱን እያማሰለ፣ ሁሉም በካናቴራ፣ ላብ ጠብ ጠብ። 12 ሰዓት ሆነ። ቴሌቪዥኑ ባዶ ሜዳ ያሳያል። አንድ ሽማግሌ ሣሩን በረጅም የአትክልት ሹካ ይወጋል፤ ሹካው አይገባም። ዐረቡ ጋዜጠኛ ይለፈልፋል። ሐሰን ተረጎመልን፦ መሬቱ በብርድ ጠጥሯል፣ ጨዋታው ለሚመጣው ቅዳሜ ተላልፏል። ዋላሂ፣ በብርድ! አንዱ በረዶ የነከረበትን ውኃ አናቱ ላይ አፈሰሰና፣ ምናለ ያንን ሜዳ እዚህ ቢያመጡት አለ። ሳቅ በሳቅ።

እኔና ያሬድ ብቻ አልሳቅንም። ተያየን። ጥሪው ዛሬ መጥቷል፤ ጀልባው የሚነሣው ረቡዕ ነው። ቢሄድ ማን ይከለክለዋል? እሱ ግን ደላላው ጋ ደወለ፣ እኔው ፊት፤ እስከ እሑድ ቆየኝ አለ። ለምን ሲባል ኳስ አለብኝ አለ። ደላላው ሲሳደብ እኔ ድረስ ተሰማ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። አንድ ሳምንት ሰጠኝ፤ በብርድ ውስጥ ጠቅልሎ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22። 12 ሰዓት ተኩል

ጋ/ደ ከትናንት ጀምሮ ወደ ነፃ ቀጠናው እየወሰዱት ነው። ኮንቴይነር ያራግፋል። ዛሬ ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሷል። ቻይናዊው ተቆጣጣሪ ምን ብሎ እንደሚጮህ እያስመሰለ አሳየኝ። በሳቅ ሞትኩ። ሁለት ባገት ዳቦ በሽሮ ጨረሰ። ከዚያ ስልኩን ሳያይ ተኛ። ሳያይ!

ቆሜ አየሁት። ሲተኛ አፉን ይከፍታል፤ ሕፃንም ሆኖ እንዲሁ ነበር። እወደዋለሁ። ይህን ለእሱ ብናገር ይሞታል መሰለኝ፤ እኔም እሞታለሁ። በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። እግር ይታጠባል፣ ሽሮ ይቀርባል፣ ስድብ ይወረወራል፤ በዚያ ይታወቃል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24። ከሰዓት 10

ምን ነካኝ? ምን አስፈለገኝ? ዝም ብዬ ሻዬን አልሸጥም?

እንዲቀለኝ ብዬ፣ ያንን አንዴም የሚለውን ቃል በዓይኔ ላየው፣ የሁለቱን ቡድኖች ግንኙነት ስልኬ ላይ ፈለግሁ። አገኘሁት። ሽንፈት፣ ሽንፈት፣ አቻ፣ ሽንፈት። ደስ እያለኝ ወረድኩ። ወደ ታች፣ ወደ ጥንቱ። ከዚያ ከሥሩ አንድ ድል አለ። አንድ። በዋንጫ። በደንሞር ሜዳ።

ጋ/ደ ከሥራ እስኪገቡ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ጫማቸውን ሳያወልቁ ጠየቅኋቸው። እንዳልሰሙ ሆኑ። ደግሜ ጠየቅሁ። አውቃለሁ አሉ። ያ ሜዳው ጭቃ በነበረበት፣ ኳስ እንደ ድንጋይ በሚከብድበት ዘመን ነው፤ አንድ ድል ከቁጥር አይገባም፤ ለንግግር ስለማያምር ሁልጊዜም እዘለዋለሁ አሉ።

አንድ ከቁጥር አይገባም! ፍስሐስ ስንት ነው? አንድ አይደል? ስንቱ ባሕር ዳር የቆመው በዚያ አንድ አይደል? ጮህኩባቸው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፣ ጮህኩባቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። አፈርኩ። ግን ልቤ አልበረደም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25። ጠዋት 2 ሰዓት

ጋ/ደን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ተይው አሉኝ። ቅዳሜ እንዲሸነፉ እጸልያለሁ አሉ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ያሬድ ሥራ ሄዷል። ጋ/ደ እንዳሉኝ የመጋዘኑ ባለቤት ወር ሙሉ ሊይዘው እንደሚፈልግ ተናግሯል። ያሬድ ግን ለእኔ አልነገረኝም። ለምን አልነገረኝም?

ዛሬ ደግሞ መብራት ይሄዳል ይመጣል። እኔም እንደሱ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27። 11 ሰዓት ከሩብ

አስቀድሜ ልጻፍ፤ በኋላ መጻፍ እንደምችል አላውቅም። ሰው እየገባ ነው። ማንም አይቀልድም። ያሬድ ጥግ ተቀምጧል፣ ገላውን ታጥቧል፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ሊሞሸር ነው ወይስ ሊሄድ? ጋ/ደ የእርስ በርስ ግንኙነቱን አላቀረቡም። ሁሉም ጠበቃቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሻይ ጠየቁ።

እዚያው ዕለት። 2 ሰዓት ተኩል

ባለመቀነቶቹ ጎል አገቡ።

ልጻፈው። እስከ እረፍት ምንም የለም። ከእረፍት በኋላ ደንሞር ይደበድባል፣ አግዳሚውን ይመታል። እኔ በልቤ ለደንሞር እልል እላለሁ። ሊያልቅ ሲል የእኛው አጭሩ፣ ሐሰን ሚዳቋ የሚለው፣ ኳሷን በጭንቅላቱ። መረቡ ተንቀጠቀጠ።

እና ጸጥታ። ገባሽ? ይህችን ጎል ዓመታት የጠበቀ ቤት፣ ጣሪያ የሚያነሣ ቤት፣ ጸጥ። ግማሾቹ ብድግ ብለው እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ፣ ቀስ ብለው አወረዱት። አንዱ ከውጭ ይጮህ ጀመር፣ አፉን ያዙት። ጋ/ደ አፋቸውን በሁለት እጃቸው አፍነው፣ ዓይናቸው ሞልቶ፣ ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ደስታ ይሁን ሐዘን እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም። እኔን አላዩኝም። ማንም አላየኝም።

ፊሽካው ነፋ። አሸነፉ። ቤቱ እንደ ለቅሶ ቤት አንድ በአንድ እየተነሣ ወጣ። አንዳንዶቹ ሲወጡ ያሬድን ትከሻውን ቸብ አደረጉት፣ ለሟች ወንድም እንደሚደረገው።

ያሬድ አልተነሣም። ያሸነፈው እሱ ነው፤ ግን ፊቱን አየሁት። አመድ ነው። በርታ ልበለው፣ አይዞህ ልበለው፣ አላውቅም። አፍ እንዳልከፍት ቃል ሰጥቻለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን እየነቀዝኩ ነው።

ነገ 4 ሰዓት ላይ የደላላው መኪና ይመጣል።

እሑድ፣ ኅዳር 28። ጠዋት 3 ሰዓት

አንድ ነገር አላስተኛኝም፤ አሁን ነው የገባኝ። ውርርዱን ያቀረበው እሱ ነው። ሁሉም የሳቀበትን፣ ከቶ የማያሸንፈውን ቡድን የመረጠው እሱ ነው። ቢሸነፉ ይቀራል፤ ፈራ ሳይባል፣ እህቴ ለመነችኝ ሳይል፣ በሰፈር ልጆች ፊት ሳያፍር ይቀራል። ጋ/ደን ሰምቷቸው አልነበር? አንዴም ሲሉ? እሱ እኮ መቅረት ፈልጎ ነው። ያዢኝ ማለቱ ነበር። እኔ የማልረባ ስለ መቀነት ስጨነቅ ሰነበትኩ።

አሁን ግቢው ውስጥ ነው። ፌስታሉን ያስራል፣ ይፈታል፣ ያስራል። ሄድኩና ፊቱ ቆምኩ። ማን እንዲያሸንፍ ነበር የፈለግኸው አልኩት። ፌስታሉን መልሶ ፈታ። ደግሜ ጠየቅሁ። ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ከንፈሩ ሕፃን ሆኖ ሊያለቅስ ሲል እንደሚሆነው ሆነ።

«እታለም፣ ውርርድ ነው» አለኝ። «ሰው ፊት ነው የተቆረጠው።»

ተሸንፌያለሁ አልኩት። አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ያውቃል። ቃሌን አፍርሻለሁ፤ አፌን ከፍቻለሁ። ሴትዮዋ ቃሏን በላች ይበሉ፣ ጋሽ ደምሴም አይዩኝ፣ ቤቱም ባዶ ይሁን። አትሄድም። ፈርተህ ሳይሆን እኔ ፈርቼ ነው የቀረኸው፤ ለጠየቀህ ሁሉ እንደዚያ በል። እወድሃለሁም አልኩት። አልሞትኩም። እሱም አልሞተም።

ፌስታሉን ለቀቀው፤ መሬት ላይ ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ቆሜ ነው። ስልኩ ይጠራል። ደላላው ነው፤ መኪናው ቀድሞ መጥቷል። ያሬድ ያየዋል፣ እጁን አይዘረጋም፣ እኔን ያያል። አሁንም ይጠራል። እሺ። ላነሣው ነው፤ እኔ ነኝ አይሄድም ብዬ የምነግረው።