ለሰው ኮሌጅ ሲከራከሩ የኖሩት ሰብሳቢያችን ዕረፍትና የፊታችን ሰኞ

የክልል ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ማኅበር ሰብሳቢውን አጥቷል። ሁላችንም «እትዬ ሜትር» እያልን የምንጠራቸው ታላቅ እኅታችን ለአጭር ጊዜ ታመው ባለፈው ሳምንት አርፈዋል። ይህን ለአባል ኮሌጆች፣ ለሠራተኞቻችንና ለሕዝብ ስናስታውቅ ሐዘናችን ጥልቅ ነው። ከሐዘኑ ጋር ጭንቀት አለብን፤ እሱንም ሸፋፍነን ማለፍ አልፈለግንም።

እትዬ ሜትር ሥራ የጀመሩት በእንጨት ሥራ አሠልጣኝነት ሲሆን፣ በኋላም ከዋናው መንገድ ርቆ የሚገኝ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ዲን ሆነው እስከ ዕረፍታቸው ድረስ አገልግለዋል። ቅጽል ስማቸው የመጣው ከእጅ ቦርሳቸው ከማይለየው ሜትር ነው። አንድ ዲን «ወርክሾፓችን ጠቦናል» ሲላቸው ሜትራቸውን መዘዝ አድርገው ከመስኮቱ እስከ መሥሪያ ጠረጴዛው ይለኩ ነበር። «መጡ ደግሞ፣ ግድግዳችንን ሊለኩብን!» እያልን እንቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም እየሳቁ መለካታቸውን ይቀጥላሉ።

ማኅበሩ ከመመሥረቱ በፊት እያንዳንዱ ኮሌጅ ማሽንና በጀት የሚያከፋፍለውን የክልሉን የሥልጠና ቦርድ በር የሚያንኳኳው ለየብቻው ነበር። ለቦርዱ ቅርብ የሆነው ትልቁ የከተማ ኮሌጅ ቀድሞ ይደርሳል፤ የሩቆቹ ዲኖች ከአውቶቡስ ወርደው አቧራቸውን ሳያራግፉ ማሽኑ ተከፋፍሎ ያልቃል። በምሥረታው ዓመት ኮሌጆቹን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀመጡት፣ ሠልጣኙ ቢበዛም ቢያንስም ለአንድ ኮሌጅ አንድ ድምፅ እንዲኖረው ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ዛሬ ያስጨነቀንን ደንብ አመጡ። በደንቡ መሠረት የትኛውም ኮሌጅ በቦርዱ ፊት ለራሱ አይናገርም፤ ጉዳዩን የሚያቀርብለት ተራ የደረሰው የሌላ ኮሌጅ ዲን ነው። ተናጋሪውም አስቀድሞ በዚያ ኮሌጅ አንድ ሳምንት ከሠልጣኞቹ ጋር መዋል አለበት። ብዙዎቻችን አጉረመረምን። እሳቸው ግን «ለራሱ የሚለምነውን ሰው ቦርዱ ሰልችቶታል፤ ስለ ጎረቤቱ የሚናገር ሰው ግን ገና አላየም» አሉን።

በአምስተኛው ዓመት የአንድ ኮሌጅ የልብስ ስፌት ክፍል ሊዘጋ ሲል ተራው የደረሰው የእርሻ መሣሪያ ጥገና የሚያስተምር ኮሌጅ ዲን ነበር። ቦርዱ «አንተ ስለ ስፌት ምን ታውቃለህ?» ብሎ ሲጠይቀው ኮቱን ገልጦ በዚያ ሳምንት ራሱ የሰፋውን ጠማማ ገበር አሳየ። ቦርዱ ሳቀ፤ ክፍሉም አልተዘጋም። ያን ቀን ከሁላችንም በላይ የሳቁት እትዬ ሜትር ነበሩ።

የፊታችን ሰኞ ቦርዱ ከአባሎቻችን አንዱ የሆነው የወንዝ ዳሩ ኮሌጅ በትልቁ የከተማ ኮሌጅ ሥር ይጠቃለል ወይስ ራሱን ችሎ ይቀጥል የሚለውን ይወስናል። ከተጠቃለለ በማኅበሩ ውስጥ ያለው ድምፅ ይቀርበታል፤ የእንጨትና የብረታ ብረት ወርክሾፖቹም ወደ ከተማ ይሄዳሉ። በየቀኑ በእግራቸው የሚመላለሱት ሠልጣኞች ከተማ ቤት የሚከራዩበት አቅም የላቸውም፤ አብዛኞቹ ሥልጠናውን ይተዉታል ብለን እንሰጋለን። የመናገሩ ተራ የእትዬ ሜትር ነበር። ሳምንታቸውን እዚያው ውለው ተመለሱ፤ ያዩትን ሳይነግሩን አልጋ ያዙ።

ከእሳቸው ቀጥሎ ተራው የከተማው ኮሌጅ ዲን ነው። ወንዝ ዳሩ ቢጠቃለል ኮሌጁ የሚሰፋለት ሰው፣ እንዳይጠቃለል ሊከራከር ነው ማለት ነው። ይህን ካወቅን ወዲህ እንቅልፍ በዓይናችን አልዞረም።

ዲኑ ራሳቸው በሐዘኑ ቤት ተነሥተው «እኔን ዝለሉኝ» ብለዋል። «ብሸነፍ ሆን ብሎ ነው ትሉኛላችሁ፤ ባሸንፍ የራሴው ሰዎች አይምሩኝም።» በደንቡ መሠረት ተራ የሚቀየረው ባለጉዳዩ ኮሌጅ ከጠየቀ ብቻ ነው። ሁላችንም ወደ ወንዝ ዳሩ ኮሌጅ ዲን ዞርን። እሳቸውም «አልጠይቅም» አሉ። «ይምጡና ሳምንቱን ይዋሉ። አይተውን ከፈረዱብን ይፍረዱብን።» «ምነው እኅቴ፣ አስቢበት እንጂ!» ያልናቸውም ነበርን፤ እሳቸው ግን ከቃላቸው ንቅንቅ አላሉም።

ይህን ሁሉ ጥግ ይዘው ሲሰሙ የቆዩት የእትዬ ሜትር ባለቤት፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር፣ ወደ ጓዳ ገብተው ሜትሩን ይዘው ወጡ። «ቁልፏን ትረሳ ነበር እንጂ ይህን ረስታ ወጥታ አታውቅም» ብለው ለከተማው ዲን ሰጧቸው። ዲኑ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ።

ዲኑ በማግስቱ ወደ ወንዝ ዳር ሄደዋል። ስንደውልላቸው «ገና ነኝ» ብለው ይዘጋሉ። የኮሌጁ ጥበቃ ትናንት እንደነገረን፣ ኮታቸውን አውልቀው በወርክሾፑ ወለል ላይ ተንበርክከው እየለኩ ነበር። ለመከራከሪያ ይሁን ማሽኖቹን ለመጫኛ፣ ጥበቃውም አላወቀም፤ እኛም ዲኑን ለመጠየቅ ድፍረት አጣን። የሜትሩን ሌላኛውን ጫፍ ይዘው የነበሩት ግን የወንዝ ዳሩ ዲን እንደነበሩ ነግሮናል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለእኅትና ወንድሞቻቸው፣ አብረዋቸው ለሠሩት አሠልጣኞችና ላሠለጠኗቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው፤ ጎድለውብናል።

አባል ኮሌጆች በሙሉ ሰኞ ጠዋት በቦርዱ አዳራሽ እንድትገኙ ማኅበሩ በአክብሮት ይጠይቃል። የከተማው ዲን ለመናገር ሲነሡ ማንም እንዳያጉረመርም፣ ማንም እንዳያጨበጭብ አደራ እንላለን። ምን እንደሚሉ አናውቅም። እትዬ ሜትር ቢኖሩ ኖሮ ግን ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ይሰሟቸው ነበር።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ