ታላቅን ማረም

አዳማ፣ ዓርብ

ጋሼ ማስረሻ፣

ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ኦቦ ኦሊቃ በወጣትነታቸው ሞስኮ ግብርና ተምረው፣ መልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሁድ የክፍል ጓደኛቸው ሳሻ ከታሽከንት ይደውልላቸዋል። የሚግባቡት በሩሲያኛ ብቻ ሲሆን እሱም እየጠፋቸው ነው። ስለዚህ እኔ በስልኬ በተማርኩት ሩሲያኛ ሦስት ቀን ግቢያቸው ካለው ፓፓያ ሥር ተቀምጠን ስንለማመድ ሰነበትን። ሲሳሳቱ ግን ታላቅ ናቸውና ራሴን እየነቀነቅሁ አሳልፋለሁ።

ዛሬ ነቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ስብሰባ ላይ ያለህ መሰለህ? የምለውን ሁሉ ታጸድቃለህ! እሁድ ሳሻ ፊት ልታዋርደኝ ነው?»

አፍሬ ይቅርታ ጠየቅሁና ማረም ጀመርኩ። ባለቤታቸው አደ ኤቢሴ ከበረንዳው ሆነው፣ «እሰይ፣ በርታ! እኔ ሠላሳ ዓመት ባርመው እምቢ ብሎኛል» አሉ። ኦቦ ኦሊቃ እየሳቁ የታረመውን ዓረፍተ ነገር ደጋግመው አሉት።

እኛም ደሴ ላይ ስለ ዕብራይስጥ ሰዋስው ስንወያይ፣ እርስዎ አንዱን ግስ ሁልጊዜ አሳስተው ሲያረቡት ሁለት ዓመት ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ማክበር መስሎኝ ነበር።

እትዬ አበበችን በጣም ሰላም ይበሉልኝ። ቦታ ስላለቀብኝ የግሱን እርማት በፖስት ካርዱ ጠርዝ ዙሪያውን ጽፌዋለሁ።

አክባሪዎ ዘገዬ